የ2010 ዓ.ም. ሦስት አልበሞች

በፖለቲካ ጉዳይ ለመጻፍ ተነሥቼ የዘፈን ወሬ ብጀምር ከመንገዴ የወጣሁ እንዳይመስላችሁ። ሰሞኑን 2010 ዓ.ም. በተነሣ ቁጥር «ያ ሁሉ ተስፋ ውሸት ነበር» የሚል ፍርድ በየጨዋታው እሰማለሁ። ፍርዱን የሚሰጡት ብዙዎቹ ያን ጊዜ ከሁላችንም በላይ ያጨበጨቡ ናቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው። እኔ በፍርዱ አልስማማም፤ ምስክሮቼም በዚያው ዓመት የወጡ ሦስት አልበሞች ናቸው፦ የኃይሉ መርጊያ «ላላ በሉ»፣ የሮፍናን «ነጸብራቅ» እና የቤቲ ጂ «ወገግታ»።

በዚያ ዓመት የምኖረው ሩዋንዳ ሰፈር፣ በአንድ ግቢ ውስጥ በተከራየኋት ክፍል ነበር። ሰፈሩ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ስለማይርቅ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ወሬ ይቋረጣል፤ ካለፈ በኋላ ከተቋረጠበት ይቀጥላል። የካቲት 8 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ሥልጣን ለመልቀቅ መጠየቃቸው ተነገረ፤ በማግሥቱ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። «ላላ በሉ» የወጣው ከዚያ አንድ ሳምንት በኋላ፣ የካቲት 16 ቀን ነው። አንጋፋው ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበሩ፣ ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄደው በዚያው የቀሩና ዋሽንግተን ውስጥ ለረጅም ዓመታት ታክሲ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። አልበሙን የላከልኝም እዚያው ከተማ ታክሲ የሚነዳ የአክስቴ ልጅ ነበር። የመጀመሪያውን ሙዚቃ፣ በአኮርዲዮን የሚመራውን «ትዝታ»ን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጌ ደጋግሜ ሰማሁት። ግጥም የለውም። ሰው ቃሉን እየመጠነ በሚናገርበት በዚያ ሰሞን፣ ያለ ቃል ይህን ያህል መናገር እንደሚቻል ማወቄ እፎይታ ሰጠኝ። የአልበሙን ስም ለአንድ ወዳጄ ስነግረው ፈገግ ብሎ «ምነው ለመንግሥት ቢልኩለት» አለኝ።

መጋቢት 24 ቀን ዐቢይ አሕመድ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ብዙም ሳይቆይ «ነጸብራቅ» ከተማውን ሞላው። ሮፍናን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃን ከባህላዊ ምቶቻችን ጋር አዋሕዶ ያቀረበበት የመጀመሪያ አልበሙ ነው። አንድ ቀን ከሩዋንዳ ወደ ቦሌ መድኃኔ ዓለም በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሾፌሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ከፍቶት ነበር። ከፊት የተቀመጡ አንድ አዛውንት «ይህን ጩኸት ቀንስልን፣ ልጄ» አሉት። ቀነሰላቸው። ጥቂት እንደ ሄድን ራሳቸውን ከምቱ ጋር ሲነቀንቁ አየሁ፤ ቀጥለውም «ይህ እኮ የኛው ነው፤ ማን ነው እንዲህ ያደረገው?» ሲሉ ጠየቁ። ረዳቱ ስሙን ነገራቸው፤ ሾፌሩም ሳይጠየቅ ድምፁን መልሶ ከፍ አደረገው። አባትና ልጅ በአንድ ነገር በማይስማሙበት አገር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ክረምቱ ሲገባ ደግሞ በየካፌው «ወገግታ» ይሰማ ጀመር። የዚህ አልበም ትዝታዬ ከአንዲት ጎረቤቴ ጋር የተሳሰረ ነው። ዕድሜያቸው የገፋ፣ እኅታቸው አሥመራ የቀረችባቸው እናት ነበሩ። ሐምሌ 11 ቀን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ20 ዓመት በኋላ ወደ አሥመራ የመጀመሪያውን በረራ ሲያደርግ ግቢው በር ላይ ወጥተው ሰማይ ሰማዩን ይመለከቱ ነበር። የእሳቸው ተራ የደረሰው ከሳምንታት በኋላ ነው። ከሻንጣቸው የሚበዛው ቡናና በርበሬ ነበር፤ እኔ ሻንጣውን ሳስር ልጃቸው በስልኳ የቤቲ ጂን ዘፈን ከፍታለች። እኅታቸውን አገኟቸው። ሁለቱም ሽማግሌዎች ሆነው፣ ግን በሕይወት ተገናኙ። ይህን የነገሩኝ ሲመለሱ፣ ቡና እያፈሉ ነው።

እርግጥ ነው፣ ዓመቱ የደስታ ብቻ አልነበረም። ሐጫሉ ሁንዴሳ «ጅራ»ን በሚሊኒየም አዳራሽ የዘፈነው በዚያው ዓመት፣ ከሶማሌ ክልል ለተፈናቀሉ ወገኖች በተዘጋጀ ዝግጅት ላይ ነበር፤ እሱንም ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ገደሉት። «ወገግታ» በሚዘፈንበት ክረምት በጌዴኦና በጉጂ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ወጥተው ነበር። በኅዳር 2012 ዓ.ም. ቤቲ ጂ በኦስሎ የኖቤል የሰላም ሽልማት ሥነ ሥርዓት ላይ ዘፈነች፤ ዓመት ሳይሞላ፣ በጥቅምት 2013 ዓ.ም.፣ ጦርነት ተጀመረ። ይህን ሁሉ የሚክድ ሰው ታሪክ አያውቅም።

ነገር ግን አንድ ነገር እናስተውል። አልበም በአንድ ወር አይሰናዳም። በዚያ ዓመት የሰማናቸው ዜማዎች የተደረሱት ገና በመጋቢት ሹመት ሳይሰማ፣ አገሩ በዐዋጅና በተቃውሞ በተወጠረባቸው ዓመታት ነው። «ወገግታ» የሚለው ስም የተመረጠው ቤተ መንግሥት ፈቅዶ አይደለም። ስለዚህ ተስፋው ከላይ የወረደ ስጦታ አልነበረም፤ ባለሥልጣናት ያገኙት ከሕዝቡ ዘንድ ነው፤ ምናልባትም በውሰት የወሰዱት እነሱ ናቸው። አበዳሪ ደግሞ ተበዳሪው ስላጎደለበት «ድሮም ገንዘብ አልነበረኝም» አይልም፤ ዕዳውን ይጠይቃል እንጂ።

ያን ዓመት ውሸት ነው ያልን እንደ ሆነ የምንሰርዘው የመሪዎቹን ንግግር ብቻ አይደለም። የአዛውንቱን ራስ መነቅነቅና የሁለቱን እኅትማማቾች መገናኘትም አብረን እንሰርዛለን። እነዚያን ለመሰረዝ ማንም ሥልጣን የለውም። አልበሞቹ ዛሬም አሉ፤ ከፍታችሁ ስሟቸውና ፍረዱ።

ቸር ይግጠመን።