የማይቀጠፍ ፍሬ

አንባቢ ሆይ፥ በላቡ ያልወጣ ሰው ተራራ አየሁ ሊል አይገባውም የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች በነሐሴ ወር በጃፓን አገር፥ በናጋኖ አውራጃ ያለውን የሀኩባን መንደር ቢጎበኙ እወዳለሁ። ሀፖ ኦኔ በሚባለው ተራራው ላይ እ.ኤ.አ. በ1998 ዓ.ም. የክረምት ኦሊምፒክ የበረዶ ሸርተቴ ውድድር ተደርጎበታል። በረዶው ከቀለጠ በኋላ ጎንዶላው እግረኛውን ይጭናል፤ ቀጥሎም በሽቦ ገመድ በተንጠለጠሉ ሁለት ወንበሮች እየተቀያየሩ 1,830 ሜትር ከፍታ ላይ ይደርሳሉ። ከዚያ ወዲያ፥ 2,060 ሜትር ላይ እስካለው እስከ ሀፖ ኩሬ ድረስ፥ ጉዞው በእግር ነው።

ከወንበሩ ወርደን ጥቂት እንደ ሄድን፥ ምርኩዝ የያዙ አንዲት አሮጊት ከልጅ ልጃቸው ጋራ ከፊቴ ነበሩ። ሽቦው ባይኖር ኖሮ እኒህ እናት ያን ሁሉ ተራራ ከየት ያዩት ነበር? ልጁ ከመንገዱ ዳር ጥቁር ፍሬ አይቶ እጁን ሲዘረጋ፥ አያቱ ምንም ሳይናገሩ እጁን ያዝ አደረጉት። ስፍራው እ.ኤ.አ. በ1934 ዓ.ም. በተከለለ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ስለ ሆነ መቅጠፍ ክልክል ነው።

ፍሬ ያማረው ሰው ወደ ሸለቆው ይወርዳል፤ በዚያ ከገበሬው ማሳ ዋጋውን ከፍሎ፥ ብሉቤሪ የሚባለውን ሰማያዊ ፍሬ በገዛ እጁ እየለቀመ ይበላል።

አጋምና እንጆሪ ከዱር እየለቀምን ላደግን ለእኛ ይህ ሕግ ይከብድ ይሆናል። ዳሩ ግን አንድ እረኛ ቢለቅም ዱሩ አይራቆትም፤ ሽቦው ያወጣው ሕዝብ ሁሉ አንዳንድ ፍሬ ቢቀጥፍ ግን ነገ ለሚመጣው ልጅ የሚተርፍ የለም። ለሁሉ የተከፈተ ተራራ የሚጠበቀው ሁሉም እጁን ሲሰበስብ ነው።