የምትሻክር «ሀ»

ይኸውላችሁ፣ ባለፈው ሳምንት ልጄን ላመጣ መዋዕለ ሕፃናቷ ስገባ፣ ከብርጭቆ ወረቀት የተቆረጠች «ሀ»ን በጣቷ እየዳበሰች ደረስኩ። መምህሯ ጥግ ይዛ ታያታለች እንጂ አትጮህባትም። በሩ ላይ «ሞንተሶሪ» ይላል። የወር ክፍያውን ባልነግራችሁ ይሻላል።

የእህቴ ልጅ ደግሞ መንግሥት ትምህርት ቤት፣ ቅድመ አንደኛ ነው የሚማረው። እዚያ በመስኮት ብመለከት ሕፃናቱ አግዳሚ ላይ ተጣበው፣ ሰሌዳ ሰሌዳውን እያዩ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» ይላሉ። በእጅ የሚነካ ነገር የለም። መምህሯ ላብ በላብ ሆናለች፤ እሷን ምን ብዬ ልውቀስ?

የሚገርመው፣ ሐኪሟ ማሪያ ሞንተሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ፣ ሳን ሎሬንዞ በሚባለው ሠፈር የመጀመሪያውን ቤት የከፈተችው ለድሃ ሠራተኛ ልጆች ነበር! እኛ ዘንድ ሲደርስ የባለመኪና ልጆች ሆነ።

ከውጭ የሚመጣው የእንጨት ዕቃ ውድ ነው፤ አልክድም። ብርጭቆ ወረቀት ግን ቀለም ቤት ሞልቷል። ባቄላ መልቀሙ፣ ውኃ ከጣሳ ጣሳ መገልበጡስ ምን ያስከፍላል? ወጪ የሚጠይቀው መምህሯን ማሠልጠኑና በአንድ ክፍል የሚታጨቁትን ልጆች መቀነሱ ነው።

ማታ ለእህቴ ልጅ አንዲት «ሀ» ቆርጬ ሰጠሁት። ዳበሳትና፣

«ትሻክራለች! ጋሼ፣ ነገ ትምህርት ቤት ይዣት ልሂድ?» አለኝ።