ደብረ ብርሃን ስታድግ ማን አብሮ ያድጋል?

ድሮ ደብረ ብርሃን ሲባል ብርዷ፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካዋና አረቄዋ ነበር የሚነሳው። ዛሬ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ያለችው ይህች ከተማ ዩኒቨርሲቲ፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የቢራና የብቅል ፋብሪካ አላት። ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወደ እሷ ሲመጣ ሳይ ከልቤ ደስ ይለኛል።

ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። ፋብሪካ የቆመበት መሬት ትናንት ገብስና ባቄላ ይበቅልበት ነበር። መሬቱን ለለቀቀው ገበሬ የሚከፈለው የካሳ ብር ያልቃል፤ እርሻ ግን በየዓመቱ ያበላል፣ ለልጅም ይተርፋል። ሰፈር ፈርሶ ሰው ሲበተንም ቤት ይተካል፤ ለቅሶ የሚደርስ ዕድርተኛ፣ ቡና የሚጠራራ ጎረቤት ግን በካሳ ብር አይተካም።

ስለ መሬት ማስለቀቅና ካሳ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ባለይዞታው በአካባቢው የልማት ፕላን መሠረት መሬቱን ራሱ እንዲያለማ ቅድሚያ ይሰጠዋል። በግልም፣ በጋራ ተደራጅቶም ይቻላል። ይህን መብት የማያውቅ ገበሬና ነዋሪ ግን ብዙ ነው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ የቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ አትቅሩ። ፕላኑን ጠይቁ። የተማራችሁ ልጆች ደግሞ አዋጁን ለወላጆቻችሁ አንብቡላቸው።