ከአስፋልቱ ሥር ያለው ወንዝ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ 17ኛው ጎዳናና ኮንስቲቱሽን አቬኑ በሚገናኙበት ጥግ አንዲት አነስተኛ የድንጋይ ቤት አለች። በ1830ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ስትሠራ የመርከብ ቦይ ጠባቂ መኖሪያ ነበረች። ዛሬ ቦይም ጀልባም የለም። ታይበር የሚባለው ወንዝ በዚህ በኩል ወደ ፖቶማክ ይገባ ነበር። በ1815 በተከፈተው ቦይ ጠለፉት፤ ቦዩ የቆሻሻ መጣያ ሆኖ ሲከረፋ በ1870ዎቹ ከመሬት በታች ቀበሩት። ኮንስቲቱሽን አቬኑ የተዘረጋው በላዩ ነው።

እኔ ጎጃም፣ ሉማሜ ያደግሁ ሰው ነኝ። ከጮቄ ተራራ የሚወርዱት ሙጋ፣ ሱሃና ጨሞጋ የተባሉት ወንዞች በክረምት ጉልበታቸውን ያሳያሉ። ወንዝ ሞልቶ የደረሰበት ገበያተኛ ጭነቱን አውርዶ እስኪጎድል ዳር ይጠብቃል። ቤት የሚሠራውም ጎርፍ የማይደርስበትን ከፍታ መርጦ ነው።

ዲሲ ግን ለወንዝ ቦታውን መተው እንደሚሻል በውድ ዋጋ ተማረች። ሰኔ 2006 ከባድ ዝናብ ሲጥል ጎርፉ በቀድሞው የታይበር መውረጃ ላይ ተኝቶ የብሔራዊ መዛግብትንና የፌዴራል ገቢዎች መሥሪያ ቤትን ምድር ቤት ሞላው። በ2012 ደግሞ ብሉሚንግዴል የተባለው ሰፈር ደጋግሞ ተጥለቀለቀ። ዝናቡና የሽንት ቤቱ ፍሳሽ የሚሄዱት በአንድ ቱቦ ስለሆነ፣ ቱቦው ሲሞላ ቆሻሻው በየቤቱ ወለል ገነፈለ።

ወደ ሰፈሩ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከተደረደሩበት ዘጠነኛው ጎዳና በእግር ይደረሳል። አዲስ የመጣ ሐበሻ ኪራይ ስለሚቀለው ብዙ ጊዜ የሚገባው ቤዝመንት ነው፤ እኔም ኖሬበታለሁ። ሌሊት ዝናቡ ሲበረታ ተነስቼ ወለሉን በእጄ እዳብስ ነበር። ወንዝ ሲቀበር መጀመሪያ የሚጎዳው ከታች የሚኖረው ሰው መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ከተማዋ መፍትሔ ብላ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ስፋቱ 7 ሜትር የሆነ ዋሻ ከመሬት በታች ቆፈረች፤ ሥራ የጀመረው በ2023 ነው። ሴኡል ግን ቾንግዬቾን የተባለውን ወንዟን ሸፍኖት የነበረውን መንገድ አፍርሳ በ2005 ለፀሐይ መልሳዋለች።

በእኛም አገር ሉማሜም ደብረ ማርቆስም እየሰፉ ነው። የአዲስ አበባዎቹ ወንዞች ቀበናና ባንትይቀጡ በቤትና በግንብ ተጨንቀው ምን ጉዳት እንደሚያደርሱ በየክረምቱ እናያለን። ፕላን የምታወጡ መሐንዲሶች፣ ቦታ የምትመሩ ሹማምንት፣ በወንዝ ዳር ቤት ለመሥራት የምታስቡ ወገኖቼ፦ ወንዙ በክረምት የሚደርስበትን ዳርቻ አሁኑኑ ለይታችሁ ተዉለት። ዛሬ የሚጠይቀው ጥቂት መሬት ብቻ ነው።