የሄቪ ሜታል ዘር ማንዘር

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ። ከሄቪ ሜታል ዘሮች አንዱ ለሆነው ለብላክ ሜታል ስም ያወጡት ግን ሦስት የኒውካስል ጎረምሶች ናቸው። ቬነም የተባሉት እነዚህ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1982 ሁለተኛ አልበማቸውን «ብላክ ሜታል» አሉት። ሰይጣኑም፣ ሰንሰለቱም፣ ርችቱም አብዛኛው ለትርኢት ነበር። የኖርዌይ ልጆች ግን ነገሩን ከምር ያዙት፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን እስከ ማቃጠል የደረሱም ነበሩ። ዛሬ የብላክ ሜታል ቀናኢዎችን ብትጠይቁ «ቬነም እኮ ብላክ ሜታል አይደለም» ይሏችኋል። የክርስትና አባትን ከደጅ መመለስ ይሏል ይህ ነው!

ዴዝ ሜታልም ቢሆን ፖዘስድ የተባሉ የካሊፎርኒያ ልጆች በ1984 ላወጡት የሙከራ ካሴት የሰጡት ርዕስ ነበር።

ሄቪ ሜታል እንደምወድ የሚያውቅ ወዳጄ ዱም፣ ትራሽ፣ ግራይንድኮር እያልኩ ስዘረዝር ይስቅብኛል። ለእሱ ሁሉም ጩኸት ነው። ዶሮ ወጡ ውስጥ ከ12ቱ ብልት አንዱ ቢጎድል ባለሙያዋን የሚያማ ሰው፣ እዚህ ሲደርስ «በዛ» ማለቱ ይገርመኛል።

እስቲ የእንግሊዟን በርሚንግሃምን ብቻ እንይ። የከተማዋን ጊታሪስት ቶኒ አዮሚን በ17 ዓመቱ የብረት ፋብሪካ ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆረጠበት። ጊታር የሚጫወተው በግራ ስለሆነ፣ የተጎዱት ክር የሚጫንባቸው የቀኝ እጁ ጣቶች ነበሩ። የሳሙና ፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፤ ከአሮጌ ጃኬት ቆዳ ቆርጦ ለጠፈበት። ክሩ ሲከርር ስለሚያመው ቀጫጭን ክር ፈለገ። ጓደኞቹን ይዞ በ1970 «ብላክ ሳባዝ» የተባለውን አልበም ሲያወጣ የዱም ሜታል ዘር ተዘራ፤ በኋላም ቅኝቱን ሲያላላው ድምፁ ወረደ፣ ከበደ። በዚያው ከተማ በ1987 ናፓልም ዴዝ የተባሉት ልጆች «ስከም» በተባለው አልበማቸው 1.3 ሰከንድ ገደማ የሚፈጅ ዘፈን አስገቡ። በሌላ በኩል ስሊፕ የተባሉት አሜሪካውያን ከአንድ ሰዓት በላይ የሚሄድ አንድ ዘፈን አላቸው። እነዚህን ሁለቱን በአንድ ስም ጠርቶ ካሴት የሚሸጥ ነጋዴ ከደንበኛው ጋር መጣላቱ አይቀርም።

የግራሚ ሽልማት አዘጋጆች ይህን ጠብ ቀምሰውታል። በ1989 ሃርድ ሮክንና ሜታልን በአንድ ሽልማት ጠቅልለው አወዳደሩና፣ የሜታሉ ቡድን ሜታሊካ እዚያው ተቀምጦ፣ ዋሽንት የሚነፋበት የጄትሮ ታል ቡድን አሸነፈ። አዳራሹ ጮኸ። በዓመቱ ሽልማቱን ለሁለት ከፈሉት፤ የሜታሉንም ሜታሊካ ወሰደ።

ከድምፅ የተነሳ ስም ሲሆን ምንም ያህል ቢበዛ አይከፋኝም። የሚያናድደኝ ከልብስና ከግጥም የሚወጣው ነው። አሌስቶርም የተባሉ ስኮትላንዳውያን ስለ ባሕር ወንበዴና ስለ መጠጥ ስለሚዘፍኑ ሙዚቃቸው «ፓይሬት ሜታል» ይባላል። ደግሞ ደስ ይላሉ፤ እሰማቸዋለሁ። ግን ባርኔጣ ያደረገ ፓወር ሜታል ነው፤ በዚህ ጉዳይ ከማንም ጋር አልደራደርም።