ሆድ ይፍጀው ስንል

እኛ በአፉላ የምንማር፣ የአንዲት አያት የልጅ ልጆች የሆንን ሦስት ተማሪዎች ነን። ይህን ጽሑፍ አብረን ስለ ጻፍነው «እኛ» እያልን እንናገራለን። የምንጽፈው መታወቂያ የሌላቸው ስደተኞች ስለሚደርስባቸው የአእምሮ ጭንቀት ነው። በድፍረት የተናገርነው ነገር ካለ ይቅር በሉን። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው እዚህ አገር በለመድነው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ የራሳችንን ጥፋት እንናገር። አያታችን ዕብራይስጥ ብዙ ስለማይችሉ ሐኪም ቤት ሲሄዱ የምናስተረጉምላቸው እኛ ነን። አንድ ቀን ሐኪሙ ምን እንዳመማቸው ሲጠይቃቸው «ሆዴ ተቃጠለ፤ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም» አሉ። እኛም «ሆዳቸውን ያቃጥላቸዋል» ብለን ወደ ዕብራይስጥ መለስነው። ሐኪሙ የጨጓራ ክኒን አዘዘ፤ አያታችንም ምንም ሳይሉ ለብዙ ወራት ዋጡት። ሆድ ማለት ጨጓራ ብቻ እንዳልሆነ፣ አማርኛ ኀዘንንም ምሥጢርንም ሆድ ውስጥ እንደሚያስቀምጥ የገባን በዚህ ክፍል «ሆድ ይፍጀው» የሚለውን አነጋገር ስንማር ነው። ያን ቀን በጣም አፈርን።

ከዚያ በኋላ በበጋው ዕረፍት በአንድ የሠርግ አዳራሽ ሥራ ያዝን። እኛ ሳህን ከጠረጴዛ እናነሣለን፤ ከወጥ ቤቱ ጀርባ አንድ ሰው ቆሞ ያጥባል። አማርኛ ስናወራ ሰማንና «የማን ልጆች ናችሁ?» አለን። ከኢትዮጵያ የመጣ ነው፤ ስሙንና አገሩን ግን አንጽፍም። በ2012 በሲና በረሃ በኩል ድንበር አቋርጦ ገባ። የስልኩን ድምፅ ሁልጊዜ ያጠፋዋል። አንድ ማታ የአንዳችን ስልክ በድንገት ሲጮህ የያዘው ብርጭቆ ከእጁ ወደቀ፤ ፊቱም አመድ መሰለ። እኛ ሳቅን። ሌሊት አውቶቡስ ስንጠብቅ ነገሩን አጫወተን። ሲና ላይ ያገቱት ሰዎች በሰንሰለት አስረው ሲደበድቡት ወደ ቤተሰቡ ስልክ ይደውሉ ነበር። እናቱ ጩኸቱን ሰምታ ገንዘብ እንድትልክ ነው። ከዚያ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር እዚያው በረሃ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። ከዚያ በኋላ አልሳቅንም።

ይህ የእሱ ብቻ ታሪክ አይደለም። ከ2009 ወዲህ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ብዙ ኤርትራውያን፣ ኢትዮጵያውያንና ሱዳናውያን በሲና ታግተው ተሠቃይተዋል። በኤርትራ የተወለዱት የኮምቦኒ መነኩሲት እህት አዘዘት ኪዳነ፣ የሐኪሞች ለሰብአዊ መብት ማኅበር በያፎ በሚያካሂደው ክሊኒክ ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎችን አነጋግረው የደረሰባቸውን መዝግበዋል። ለዚህም ሥራቸው በ2012 ከአሜሪካ መንግሥት ሽልማት ተቀብለዋል።

እኛም «ታዲያ ለምን ሐኪም አታይም?» አልነው። «ቁጥር የለኝም» ብሎ መለሰ። የመታወቂያ ቁጥር ማለቱ ነው። በአገራችን ከ1995 ጀምሮ የሚሠራው የጤና ዋስትና ሕግ የሚሸፍነው ነዋሪ ተብሎ የተመዘገበውን ሰው ነው። ከ2015 ወዲህ ደግሞ ኩፓት ሖሊም የአእምሮ ሕክምናንም እንዲሰጥ ተደርጓል። እኛ ስንጨነቅ የምንሄድበት በር አለን ማለት ነው። ወረቀት የሌለው ሰው ነፍሱ ካልሰጋች በቀር ይህ በር አይከፈትለትም። ድንገተኛ ክፍል የተሰበረ እጅ ይጠግናል፤ የተሰበረ እንቅልፍ ግን አይጠግንም። በ2014 ለእንዲህ ያሉ ስደተኞች ጌሸር የሚባል የአእምሮ ክሊኒክ በያፎ ተከፍቷል፤ ትርጉሙ ድልድይ ነው። ከአፉላ ያፎ ሄዶ መመለስ ግን ለዕለት ሠራተኛ የአንድ ቀን እንጀራ መተው ነው።

ቤት ገብተን ይህን ለአያታችን ነገርናቸው። ዝም ብለው ቆዩና ወደ መኝታቸው ገቡ። አያታችን አልጋቸው ሥር ሁልጊዜ በጀሪካን ውኃ ያስቀምጣሉ። ጫማቸውንም አፉን ወደ በሩ አዙረው ያኖራሉ። እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ በዚህ ስንስቅ ነው ያደግነው። በማግሥቱ ቡና እያፈሉ ጠርተውን ያልጠየቅናቸውን ነገሩን። ከጎንደር በእግራቸው ወጥተው ሱዳን ኡም ራኩባ ሰፈር ገቡ። እዚያ ቤተ እስራኤል መሆናቸውን ደብቀው፣ ሰንበትን ደብቀው፣ ፖሊስ ሲያልፍ ትንፋሻቸውን ውጠው ኖሩ። ታናሽ ወንድማቸው በውኃ ጥም ደክሞ ሞተ፤ ሌሊት ቀበሩት፤ ጮክ ብለው እንኳ አላለቀሱለትም። «ያ ልጅ ስልክ ይፈራል፤ እኔ ጥም እፈራለሁ። ያው ነው» አሉን።

እኛ የዘመቻ ሙሴን ታሪክ ተምረናል። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 ወደ 8000 የሚጠጉ ወገኖቻችን ከሱዳን በአውሮፕላን መጡ። በመንገድና በሱዳን ወደ 4000 የሚሆኑ እንደሞቱ ይገመታል፤ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን በሄርዝል ተራራ እናስባቸዋለን። የሞቱትን እናስባለን፤ በሕይወት የተረፉትን ግን «ሌሊት እንዴት አደራችሁ?» ብለን ጠይቀን አናውቅም። ኡም ራኩባም አላረጀችም፤ በ2020 መጨረሻ ከትግራይ ጦርነት ለሸሹ ሰዎች እንደገና ተከፍታለች።

አንዳንድ ሰው «እኛን ከእነሱ ጋር አትቀላቅሉን፤ እኛ በመንግሥት አውሮፕላን ወደ አባቶቻችን አገር የመጣን ነን፤ የራሳችን ጣጣ ይበቃናል» ይላል። ይህን ስንሰማ አድገናል፤ ፍርሃቱም ይገባናል። መንገድ ላይ ቆዳችንን ብቻ አይተው «ሚስታነን» ብለው የሰደቡን አሉ። ነገር ግን አውሮፕላኑ ከመምጣቱ በፊት ሱዳን ውስጥ የአያታችን ወረቀት የት ነበር?

አንድ ልዩነት ግን አለ፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገርም እሱ ነው። ለአያታችን መታወቂያ፣ ቤትና ዘመድ ተሰጥቷቸዋል። ጥሙ በሕልማቸው ይመጣል፤ ሲነቁ ግን አፉላ ናቸው። ያ ሰው ሲነቃ ፈቃዱ መቼ ያልቃል፣ ነገ ያድሱልኛል ወይስ ያስሩኛል እያለ ነው። የአያታችን ሱዳን አልፏል፤ የእሱ ሲና ገና አላለፈም። ቁስል እየተነካካ አይድንም።

አያታችን «አምጡት» አሉን። መጣ። ስለ ሲና አንድም ነገር አልጠየቁትም። ቡና ቀዱለትና ስለ ወንድማቸው ነገሩት። እሱ አቀርቅሮ ሲሰማ ቆየ፤ በሦስተኛው ስኒ መናገር ጀመረ። እኛ ወጥተን ሁለቱን ብቻቸውን ተውናቸው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከእኛ አንዱ አብሮት ያፎ ሄደ። ዳነ ለማለት አንችልም፤ ስልኩም አሁንም ድምፅ የለውም። ግን ቀጠሮ ይዟል። አያታችንም እንደገና ሐኪም ዘንድ ሄዱ፤ በዚህ ጊዜ በትክክል አስተረጎምን።

ወላጆቻችንና ሽማግሌዎቻችን ሆይ፣ ኦሪት መጻተኛውን እንዳናስጨንቅ፣ እኛም በግብፅ መጻተኞች እንደነበርን እንድናስታውስ ደጋግማ ታዘናለች። እንቅልፍ ያጣውን ሰው «አብዷል» አንበለው። ቡና ስናፈላ አንድ ስኒ ትጨመርለት። እናንተም ለብዙ ዘመን ሆድ ይፍጀው ብላችሁ የያዛችሁትን ለእኛ ንገሩን። ልጅ ናቸው ብላችሁ አትተዉን፤ ለሐኪሙ የምናስተረጉመው እኛ ነንና።