ለመውረዱስ ማን መከረ?

«ቢስክሌት ለመንዳት ደግሞ ምን ዕቅድ ያሻል? ወጥቶ መንዳት ነው እንጂ!» ይሉናል የክፍል ጓደኞቻችን፣ ማታ ማታ በአንድ ደብተር ላይ አቀርቅረን ሲያገኙን። እውነታቸውን ነው። ከግቢያችን በር እስከ ገበያ ለሚነዳ ሰው ዕቅድ አያስፈልገውም። እኛ ግን ያሰብነው ከደብረ ብርሃን ተነሥተን፣ በጣርማ በር አድርገን፣ ሸዋ ሮቢት ወርደን፣ የእሑዱን የሰንበቴ ገበያ አይተን፣ በዚያው መንገድ ተመልሰን ለመምጣት ነው፤ ያውም ስንቃችንንና መኝታችንን በቢስክሌት ጭነን፣ የማንንም መኪና ሳንጠብቅ። ሦስት ነን። ዕቅዱን የጀመርነው በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ ገና አንደኛ ዓመት ሳለን ሲሆን፣ እነሆ የመጨረሻው ዓመት ላይ ደርሰንም ዕቅድ እንደሆነ አለ። ስለዚህ ዕቅድ፣ ይልቁንም ስለተበላሸበት አንድ ቀን፣ ለጋዜጣችን አንባብያን ልናጫውት ነው።

የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ እንዲህ ይላል፦ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት 95 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቢስክሌት በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ስለዚህ መሄጃ ስድስት ሰዓት ተኩል፣ መመለሻ ስድስት ሰዓት ተኩል። አለቀ! ይህን የጻፍነው ነገ ሒሳብና ጂኦግራፊ እናስተምራለን የምንል ሰዎች ነን። ያንን ገጽ እስከ ዛሬ አልቀደድነውም።

ቀጥለን ያነሣነው የ«ራስን መቻል» ጥያቄ ነበር። የሀገራችን ቢስክሌተኞች ትልቅ ስም አላቸው። በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሎምፒክ እነገረመው ደንቦባ የነበሩበት ቡድን በጎዳና ውድድር 9ኛ ወጥቷል። ጽጋቡ ግርማይም በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ነገር ግን በእንዲህ ያለው ውድድር ከጋላቢው ኋላ ትርፍ ጎማ የያዘ መኪና ይከተላል። እኛን የሚከተለን የለም። ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ የአሜሪካ ጥቁር ወታደሮች ታሪክ ነው። እነዚህ ወታደሮች በ1889 ዓ.ም. ከሞንታና እስከ ሴንት ሉዊስ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ፣ ብርድ ልብሳቸውንና ምግባቸውን በቢስክሌት አስረው፣ በጭቃና በተራራ ተጉዘዋል። ዛሬም «ቱር ዲቫይድ» የሚባል፣ ከካናዳ ተነሥቶ በአሜሪካ ተራሮች ላይ 4,400 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄድ ጉዞ አለ። ሕጉ አጭር ነው፦ መንገድ ላይ ለማንኛውም መንገደኛ የሚሸጠውን መግዛት ይቻላል፤ አስቀድሞ ዘመድ ቀጥሮ ምግብ ማስጠበቅ ግን አይቻልም።

ታዲያ በዚህ ሕግ የተነሣ ሁለት ቀን ተኮራረፍን። ከሦስታችን የአንዱ አክስት ደብረ ሲና ይኖራሉ። «እትዬ ዶሮ ሠርተው ይጠብቁናል» ሲል፣ ሌላው «ሕጉን አፈረስክ» አለው። «አክስቴን በደጃቸው አልፌ ሻይ ቤት ብቀመጥ፣ ያንተ ሕግ ከርግማናቸው ያድነኛል?» ሆነ መልሱ። በመጨረሻ «ሳንጠራ ከደረስን እንግዳ ነን፣ አስቀድመን ከደወልን ሕግ አፍራሾች ነን» በሚል ታረቅን። የአሜሪካኖቹ ሕግ አክስት ላለው ሰው የተጻፈ አይመስለንም።

በስንቁ ግን አልተጣላንም። የውጭ ሰዎች በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ ምግብ ይገዛሉ፤ እኛ ዘንድ ግን አባቶቻችን ሠርተው ጨርሰውታል። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ድርቆሽ። አይበላሽም፣ እሳት አይፈልግም፣ በከረጢት ይታሰራል። ለጥገና ትርፍ ካላማዳሪያ፣ ማስቲሽ፣ መንፊያ፣ ቁልፍና የተበጠሰ ካቴና መቀጠያ ያዝን። ጭነቱን በፖርቶመጋላው ላይ ያሰርነው ከአሮጌ ካላማዳሪያ በተቀደደ ጎማ ነው፤ ከገመድ ይልቅ እሱ ይጨብጣል። ለዋሻውም ባትሪ አዘጋጀን። የጣርማ በር ዋሻ ጣሊያን በወረራው ዘመን ያስቆፈረው፣ 600 ሜትር ገደማ የሚረዝም ነው። ጉም በገባ ቀን ከባድ መኪና ከኋላ ሲያጓራ፣ ቢስክሌተኛ ከዝንብ አይቆጠርም።

የከበደን የአየሩ ነገር ነው። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,280 ሜትር ዝቅ ብላለች። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚለዋወጥ፣ በአንድ ቀን ውስጥ የ11 ዲግሪ ልዩነት እናገኛለን ማለት ነው። ላይ የመንዝ ባና ያስፈልጋል፣ ታች አጎበር። ላይ ጭላዳ ጉም ውስጥ ሣር ይነጫል፣ ታች ፓፓያና ሽንኩርት ይጫናል፣ ማሾ ይወቃል። ወሩን መምረጥም እንዲሁ ግራ ያጋባል። ክረምቱ ሲወጣ መንገዱ ደርቆ ምንጩ ሞልቶ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ቆላ የወባ ወራት ነው። የደጋ ገበሬ ቆላ ወርዶ አርሶ ለመኝታ ወደ ደጋ የሚመለሰው ወድዶ አልነበረም፤ የወባዋ ትንኝ የምትናከሰው ሌሊት ነውና። ስለዚህ ጥርን መረጥን።

አንድ ነገር ደግሞ ከታሪክ መምህራችን ሰማን። በ1833 ዓ.ም. በካፒቴን ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ከታጁራ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ ዕቃውን በግመል ጭኖ ነበር። ግመሎቹ ግን አንኮበር አልደረሱም። ከተራራው ግርጌ ፋሬ ላይ ጭነቱ ወርዶ በሰው ትከሻ ወጣ። የይፋት ነጋዴ ሁሉ እንዲሁ ነበር፤ የቆላው ጭነት ደጋው ግርጌ ሲደርስ ተሸካሚውን ይለውጣል። ይህን በደብተራችን ጻፍነው፤ ጻፍነው እንጂ አልገባንም።

በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር ለሙከራ እስከ ደብረ ሲና ወርደን ለመመለስ ወጣን። ሁለቱ ቢስክሌቶች የራሳችን ሲሆኑ፣ ሦስተኛው የጓደኛችን ታላቅ ወንድም ነበር። ወንድም ጋሼ የምንላቸው እኚህ ሰው በዚያ ቢስክሌት በየንጋቱ ከዳቦ ቤት ወደ ሱቆች ዳቦ እያመላለሱ ቤተሰብ ያስተዳድራሉ። «እሑድ አልሠራበትም፤ ሰኞ ንጋት ግን በሬ ላይ ላገኘው» ብለው ሰጡን። እኛም ውሃ እንዳይቸግረን ብለን እያንዳንዳችን 6 ሊትር ከደብረ ብርሃን ጫንን። 6 ሊትር 6 ኪሎ ነው፤ እሱን መቼም ማንም ያውቃል።

እስከ ጣርማ በር በሰላም ደረስን። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ጉሙ ለአፍታ ተገልጦ ይፋት ከእግራችን በታች እንደ ካርታ ተዘረጋ። ዋሻውን በእግራችን እየገፋን አለፍን። ከዚያ ቁልቁለቱ ጀመረ፤ እኛም ደስ አለን። ፔዳል መርገጥ ቀረ፣ ፍሬን ብቻ። እንግዲህ ይህ «ፍሬን ብቻ» የሚባለው ነው ጉዱ። ፈርተን ስለነበር ፍሬኑን ከያዝን ሳንለቀው ወረድን። ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ የተቃጠለ ጎማ ሸተተን። የመኪና ነው አልን። ቀጥሎ እንደ ጥይት የሚጮህ ነገር ሰማን፤ የወንድም ጋሼ ቢስክሌት የኋላ ካላማዳሪያ ፈነዳ። ጓደኛችን ወደ ተራራው ጥግ ወደቀ። ወደ ገደሉ በኩል ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አንጽፍም ነበር። ክንዱ ተላጠ፣ ቸርኬው ተጣመመ። ቸርኬውን የነካው ሌላው ጓደኛችን ጣቱን ተቃጠለ።

ጩኸቱን የሰሙ አንዲት እናት ከመንገዱ በላይ ካለው ቤታቸው ወረዱ። ቁስሉን አጥበው በንጹሕ ጨርቅ አሰሩለት። እኛ «ውሃ ይዘናል እማማ» ብለን ጀሪካኖቹን ስናሳያቸው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። «ምነው ልጆቼ፣ በምንጭ አገር ውሃ ተሸክማችሁ ትወርዳላችሁ? እዚህ ውሃው ከየጥጉ ይፈልቃል። የምትጠሙት ቆላ ስትገቡ ነው፤ እዚያ በወረዳችሁ ጊዜ ጫኑ» አሉን። ቀጥሎ ቆሎ አመጡ። ስለ ቱር ዲቫይድ ሕግ ያነሣ ሰው አልነበረም። ከሰዓት በኋላ የአንድ አይሱዙ ሾፌር አዝኖልን ከነቢስክሌቶቻችን ደብረ ብርሃን መለሰን።

ወንድም ጋሼ ቸርኬውን አገላብጠው አዩ። የልጁን ክንድ አዩ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡን ይሻለን ነበር። «ለመውጣቱ ወር ሙሉ ስትመክሩ ሰነበታችሁ። ለመውረዱስ ማን መከረ?» ብለው ገቡ። ሌላ ቸርኬ እስኪገኝ ዘጠኝ ቀን ዳቦውን በማዳበሪያ ከረጢት በትከሻቸው ተሸከሙ። ጎሕ ሲቀድ በመኝታ ክፍላችን መስኮት ሥር ጎንበስ ብለው ሲያልፉ እናያቸው ነበር። ሦስት ወር ከኪስ ገንዘባችን እየቀነስን ዋጋውን ከፈልን። የዘጠኙን ቀን ሸክም ግን በምን ሒሳብ እንደምንከፍለው ደብተሩ ላይ የለም።

ጥያቄያቸውን ይዘን ወደ ፊዚክስ መምህራችን ሄድን። ጠመኔ አነሱና፣ «ሰውና ጭነት አንድ ላይ 90 ኪሎ ይሁን፤ ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት የሚወርደው ከፍታ 1,700 ሜትር ይሁን። አባዙት» አሉን። ወደ 1.5 ሚሊዮን ጁል ወጣ። «ይህ 20 ዲግሪ የነበረ ውሃ ከ4 ሊትር በላይ የሚያፈላ ሙቀት ነው። ፈጥነህ ከወረድክ ነፋሱ ድርሻውን ይወስድልሃል፤ ፍሬን ይዘህ ከወረድክ ሁሉም ከሁለት የፍሬን ጎማና ከቸርኬው ላይ ያርፋል። ካላማዳሪያውም ከቸርኬው ጋር ተጣብቆ ነው ያለው።» ዝም አልን። ይህን ቀመር እኮ ለፈተና ሸምድደነዋል። የባሰው ደግሞ፣ ከላይ የጫንነው 18 ሊትር ውሃ ራሱ ፍሬናችንን ሲያግል ነበር።

ከዚያ ደብተሩን እንደገና ጀመርነው። አሁን በገጹ አናት ላይ ያለው ኪሎ ሜትር ሳይሆን ከፍታ ነው። በባለ ካሬ ወረቀት የመንገዱን ቁመት ሥለን ከአልጋችን በላይ ለጥፈናል፤ ጣርማ በር እንደ ግድግዳ ቆሟል። ውሃ ከላይ አንድ ሊትር ብቻ፤ ደብረ ሲና ላይ መጠጣት፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ጀሪካኑን መሙላት። በቆላው ሐሩር አንድ ጋላቢ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ይጠጣልና። ፍሬን ሲያዝ ጠበቅ አድርጎ ይዞ መልቀቅ፣ የፊትና የኋላውን ማፈራረቅ፣ ቸርኬው እጅ የማያስነካ ሲሆን ወርዶ ማቀዝቀዝ። ባናው ሸዋ ሮቢት ላይ በአደራ ይቀመጣል፤ የፋሬ ነገር የገባን አሁን ነው። መመለሻውም ስድስት ሰዓት ተኩል መሆኑ ቀርቶ ሁለት ቀን ሆኗል። ያን ከፍታ ለመውጣት አካላችን ከሚበላው ኃይል ወደ ሥራ የሚለውጠው ሩብ ያህሉን ብቻ ስለሆነ፣ ለዳገቱ ብቻ ለአንድ ሰው ከ400 ግራም የማያንስ ደረቅ በሶ ያስፈልጋል። ይህም ተመዝኖ ተጽፏል።

ዕቅዱ በዚህ አኳኋን ተስተካክሎ ሲያበቃ፣ ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ በክልላችን ግጭት ተነሣ፤ መንገዱም ሲከፈትና ሲዘጋ ቆየ። በየዕረፍቱ መናኸሪያ ወርደን ሾፌሮችን እንጠይቃለን። «ለመኪና እንኳ አስበን ነው፣ እናንተማ ቆዩ» ይሉናል። ቆየን። ይህ በሁለት የፍሬን ጎማ የሚፈታ ነገር አይደለምና ደብተሩ ላይ አንድ መስመር ብቻ ይዟል፦ «አስቀድሞ ሾፌሮችን መጠየቅ።» ከሁሉም በላይ የተጻፈው እሱ ነው። በያዝነው ዓመት መጨረሻ ተመርቀን በየምድባችን ስንበተን፣ ሦስታችን በአንድ ጥር ዕረፍት አግኝተን መገናኘታችን ራሱ ሌላ ዕቅድ ሳያስፈልገው አይቀርም።

ወንድም ጋሼ ባለፈው ሳምንት ክፍላችን መጥተው ነበር። በግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል ረጅም ጊዜ ቆመው ተመለከቱት። ጣታቸውን ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት አውርደው፣ «እዚህ ጋ ነው የፈነዳው?» ብለው አንድ ቦታ ነኩ። ትንሽ ከፍ አድርገን አሳየናቸው። ከኪሳቸው እርሳስ አውጥተው እዚያው ላይ ምልክት አደረጉና፣ «ከዚህ በላይ ወርዳችሁ ግፉት» አሉን።

ደብተሩን ማየት የሚፈልግ ሠልጣኝ፣ በተለይ አንደኛ ዓመቶች፣ ማታ ከጥናት በኋላ ወደ ክፍላችን ብቅ ማለት ይችላል። መንፊያ ያለው ይዞ ይምጣ፤ የእኛው ተሰብሯል።